የድስቱን ከንፈር ያወላገደው ላሜራ

በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አዲስ የገባ የአሉሚኒየም ላሜራ ወደ ፕሬስ ክፍል በወረደበት በመጀመሪያው ሺፍት የድስቶቹ ከንፈር እየተወላገደ መውጣት ጀመረ። እያንዳንዱ ድስት በአፉ ዙሪያ አራት ጉብታዎች፣ በመካከላቸውም አራት ዝቅ ያሉ ቦታዎች ነበሩት። ስለካቸው ጉብታዎቹ በአማካይ 84፣ ዝቅ ያሉት 79 ሚሊሜትር ሆኑ። ከንፈሩ ተከርክሞ የሚቀረው ቁመት 80 ሚሊሜትር መሆን ስለነበረበት፣ ድስቱ ገና ሳይከረከም ጎድሏል።

ጥርጣሬው ወዲያው ያረፈው በሞልዱና በኦፕሬተሩ ላይ ነበር። የሞልዱ መሃል ሸሽቷል፣ ላሜራውን ጨምቆ የሚይዘው ቀለበት እኩል አይጫንም፣ ቅባቱ ሳስቷል ተባለ። በዚያ ማሽን ላይ ረጅም ዘመን የሠሩት ኦፕሬተር ግን «ልጄ፣ ሞልዱ ቢዛነፍ ድስቱ በአንድ ወገን ይረዝም ነበር እንጂ እንዲህ አራት ቦታ እኩል አይነሣም» አሉኝ። ይህን አስተያየታቸውን ማንም ቆም ብሎ ሳያዳምጥ ሞልዱ ሊፈታ መሆኑ አሳዝኖኝ ነበር።

ላሜራ በሮለሮች መካከል ሲዳመጥ ገጹ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት በዓይን ይታያሉ። መስመሮቹን ተከትለን ተጭነው ድስት በሚሆኑት ክብ ቁራጮች ላይ በማርከር ቀስት አሰመርንና፣ አንዱን ቀስቱ ወደ ኦፕሬተሩ፣ ሌላውን ወደ ጎን፣ ሌላውን በሰያፍ እንዲሆን አዙረን አስገባን። ጥፋቱ የሞልዱ ቢሆን ኖሮ ጉብታዎቹ ከማሽኑ አንጻር ቦታቸውን ባልለቀቁ ነበር፤ እነሱ ግን ቀስቱን ተከትለው ዞሩ፤ በሁሉም ድስቶች ላይ ከቀስቱ 45 ዲግሪ ርቀው ተገኙ።

ምክንያቱ ከክሪስታሎቹ አሰላለፍ የሚመጣ ነው። በእያንዳንዱ የአሉሚኒየም ክሪስታል ውስጥ የአተም ሽፋኖች አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱባቸው 12 መንገዶች አሉ። ላሜራው በቀዝቃዛው ሲዳመጥ ክሪስታሎቹ በእነዚህ መንገዶች እየተንሸራተቱ ቀስ በቀስ ይዞራሉ፤ ውፍረቱ በቀነሰ መጠንም ወደ ጥቂት የጋራ አሰላለፎች ይሰበሰባሉ። እንጨት በቃጫው በኩልና በአግድሙ አንድ ዓይነት ጥንካሬ እንደሌለው ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ላሜራም በየአቅጣጫው እኩል አይሳብም፤ ጉብታዎቹንም በ45 ዲግሪ ያወጣል። በበቂ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ሲለሰልስ ግን አዳዲስ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ የብዙዎቹ አሰላለፍ ሌላ ስለሆነ ጉብታዎቹ በ0 እና በ90 ዲግሪ ይወጣሉ። ለድስት የሚሆን ላሜራ የሚገኘው አምራቹ ሁለቱን አሰላለፎች ሲያመጣጥናቸው ነው፤ የአንዱ ጉብታ የሌላውን ዝቅታ ይሞላዋልና።

ከዚያ ወደ ሰርተፊኬቶቹ ተመለስን። የቀድሞውም የአሁኑም ላሜራ 99.5 በመቶ አሉሚኒየም የሆነው፣ 1050 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውፍረታቸውም አንድ ነው። ላሜራው እንዴት እንደጠነከረ የሚገልጸው ምልክት ግን የቀድሞው ኤች14፣ የአሁኑ ኤች24 ይላል። ኤች14 አስቀድሞ ከለሰለሰ በኋላ ጥቂት ተዳምጦ የሚጠነክር ሲሆን፣ ኤች24 ከሚፈለገው በላይ ተዳምጦ በመጨረሻ በከፊል የሚለሰልስ ነው። ከፊሉ ማለስለስ አዳዲስ ክሪስታሎች እንዲፈጠሩ ሳያደርስ ከቀረ የመዳመጡ አሰላለፍ እንዳለ ይቆያል። የሁለቱም የመሳብ ጥንካሬ በአውሮፓ ደረጃ ከ105 እስከ 145 ሜጋፓስካል ስለሆነ፣ የግዢ ክፍሉ ልዩነት የለውም ብሎ ተቀብሎታል። ጥንካሬ በቁጥር እኩል መሆኑ ላሜራው በየአቅጣጫው እኩል መሳቡን እንደማያሳይ ለግዢ ክፍሉ ያስረዳ አልነበረም።

የቀረውን ላሜራ ክቡን በጥቂት ሚሊሜትር አሳድገን ጨረስነው፤ ስክራፑ በዛ፣ ድስቱ ግን ልኩን ጠበቀ። በቀጣዩ ትእዛዝ ላይ ኤች14 መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ በጉብታውና በዝቅታው መካከል የሚፈቀደው ልዩነት በመቶኛ ተጻፈ። ላሜራ ሲገባም ከየጥቅሉ አንድ ክብ ተቆርጦ፣ ቀስት ተሰምሮበትና ተጭኖ ሳይለካ ከመጋዘን አይወጣም፤ ልኬታውንም የሚፈርሙት እኚያው ኦፕሬተር ናቸው።