ሰላምታው ላይ የቆመ ደብዳቤ

ዛሬ ዝናቡ ሳያባራ ስለዋለና ከሰው ጋር መነጋገርም ስላላሰኘኝ፣ ሰሞኑን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወደጻፍኳት ትንሽ ሰርቨር ተመለስኩ። ሥራዋ ቀላል ነው፤ 8080 በተባለ ፖርት፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መልእክት መቀበያ በር ላይ ሆና ትጠብቃለች፣ ብራውዘሩ የሚልከውን የመጀመሪያ መስመር አንብባ የተጠየቀውን ፋይል ከአንድ ፎልደር ታወጣለች፣ ስለሚላከው ነገር የሚናገር አጭር ሄደርና አንድ ባዶ መስመር አስቀድማም ፋይሉን እንዳለ ትልካለች። የተዘጋጁ ሰርቨሮች በነፃ ሞልተው ሳለ ይህን መጻፍ ትርፍ ድካም ሊባል ይችላል፤ እኔን ግን እያንዳንዱ ነገር በእጄ ሲያልፍ ማየት ያሳርፈኛል።

ትናንት በእንግሊዝኛ የሙከራ ጽሑፍ ስሞክራት እንከን አልነበራትም። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት አባባ የላኩልኝን ደብዳቤ ከወረቀቱ ላይ ቃል በቃል ገልብጬ አስቀመጥኩባት። ገጹ ተከፈተ፤ ደብዳቤው ግን ሲሶውን ትንሽ አለፍ እንዳለ «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሃል፤ ናፍቆትህ ግን» ከሚለው ቀጥሎ፣ በጥቁር ቅርጽ ውስጥ አንድ የጥያቄ ምልክት አሳይቶ ቆመ። ስህተት አለ የሚል መልእክት የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰርቨር የሚልከውን መጠን አስቀድሞ በሄደሩ ውስጥ በባይት፣ ማለትም በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ፣ ማስታወቅ ሲገባው፣ እኔ የፊደላቱን ብዛት፣ 1,200 ያህል፣ ጽፌበት ኖሯል። ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ዩቲኤፍ-8 በሚባል ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» ለዓይን ሦስት ፊደል ቢሆንም ሲላክ 9 ባይት ነው። ብራውዘሩ የነገርኩትን አምኖ ያንኑ ያህል ባይት እንደተቀበለ ደብዳቤው አለቀ ብሎ ንባቡን አቆመ። ያ የጥያቄ ምልክትም ባይቶቹ ተሟልተው ያልደረሱለት አንድ ፊደል ነው። ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ባይት መለወጥና ከዚያ መቁጠር ይበቃል፤ የአንድ መስመር እርማት ነው።

መስመሩን ሳላርም ግን ስክሪኑ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። አባባ ደብዳቤ ሲጽፉ ከብቱና ጎረቤቱ ሳይቀር ደህንነቱ ይነገራል፤ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ መጨረሻው አካባቢ ነው። በዚያ ደብዳቤ መጨረሻ፣ በሁለት መስመር ብቻ፣ አንደኛው ዓይናቸው እየጋረደባቸው መሆኑን ጽፈው ነበር። እኔ የጻፍኩትን መልስ ዓምና ከሳጥናቸው ውስጥ አራት ላይ ታጥፎ አግኝቼዋለሁ፤ ሰላምታቸውን በሰላምታ መልሻለሁ፣ ስለ ፈተናዬና ስለ ካፌው ምግብ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ፣ ስለ ዓይናቸው ግን አንድም ቃል አላነሳሁም።

ያን መልስ በደከመ ዓይናቸው ሲያነቡ፣ የደብዳቤያቸው ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ መስሏቸው ይሆን?