የሚያዝያ 27ቱ ንግግር በሀዋሳ ሕዝብ ፊት

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለአርበኞች የድል ቀን በሰላም አደረሳችሁ፤ በዓሉን በደስታና በጤና የምታከብሩት ያድርግላችሁ። በዚህ ቀን የምጽፍላችሁ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንቀጽ አያልፍም ነበር። የዘንድሮው የሚረዝመው ባለፈው ዓመት በበዓሉ ሰሞን፣ የከተማችን ወጣት ተዋንያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያደረጉትን ንግግር እዚህ ሀዋሳ በአደባባይ ሲያቀርቡት ተመልክቼ ስለነበረና፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ሕዝብ የሰጠውን ምላሽ እስከ ዛሬ ሳሰላስለው ስለቆየሁ ነው።

የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከስደት ወደ መናገሻቸው የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። ከተማይቱ ግን ከጠላት እጅ የወጣችው ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት 28 ቀን ነበር። በመካከሉ የነበረው መዘግየት ከንግግሩ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። የእንግሊዝ የጦር አዛዦች ንጉሡ ቶሎ ቢገቡ ሕዝቡ በአዲስ አበባ በቀሩት በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ላይ ለበቀል ይነሣል የሚል ሥጋት ነበራቸው፤ ሥጋታቸውም ከምንም የመነጨ አልነበረም፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መረሸን ገና አራት ዓመት ገደማ የሆነው ሐዘን ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው በእንጦጦ በኩል ሲወርዱ የእንግሊዙ የጦር መኮንን ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ቀደመ፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ በሺሕ እየሆኑ ተቀበሏቸው፤ በታላቁ ቤተ መንግሥትም ሰንደቅ ዓላማው ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ በተነገረው ንግግር ውስጥ ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና፣ የሰማዕታት መታሰቢያና የአዲስ ዘመን ብሥራት ነበረበት፤ ከሁሉም በላይ ግን ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ፣ ጠላት በፈጸመው ዓይነት ጭካኔ ስማቸውን እንዳያጎድፉ ለሕዝቡ የተሰጠ ብርቱ ማሳሰቢያ ነበረበት።

ወጣቶቹ ይህን ሁሉ ሳይቆርጡ አቀረቡት። ንጉሡን የሚጫወተው ልጅ ካባውን ደርቦ ወደ መድረኩ ሲወጣ ከፊት የተቀመጡ አዛውንቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ከኋላ የነበረው ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርፅ ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል የተሰማው እልልታ ሐይቁ ዳር ላሉትም የሚደርስ ይመስል ነበር። ንግግሩ ከየካቲት 12 ከሚካኤል ዕለት ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺሕ ሰው ማለቁን ወደሚያነሣበት ቦታ ሲደርስ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ምሕረቱ ላይ ሲደርስ ግን ጭብጨባው ተቋረጠ። ሕዝቡ ጸጥ አለ ለማለት አልችልም፤ ማጉረምረም ነበር፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዞሮ መነጋገር ነበር፤ ከእኔ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ ጎልማሳ «የተገደለባቸው ሰዎች ይህን ሲሰሙ እንዴት ቻሉት?» ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከመላው ትርኢት የከበደው ነው። እኛ በወንበር ላይ ተቀምጠን የምናዳምጠውን ቃል፣ በ1933 ዓ.ም. ያዳመጡት ሰዎች ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ ልጃቸውን የቀበሩ፣ የቀበሩበትን እንኳ የማያውቁ፣ ጠመንጃም በእጃቸው የነበረ ሰዎች ነበሩ። አዛዦቹ የፈሩት የጅምላ ዕልቂት አለመድረሱ በንጉሡ ቃል ብቻ የመጣ ነው ብዬ አላምንም፤ ቃሉን ሰምቶ እጁን የሰበሰበው ሰው ድርሻ ከተናጋሪው ድርሻ አያንስም፤ የብዙዎቹ ስም ግን በየትኛውም የመታሰቢያ ሐውልት ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ንግግሩ በመድረክ ሲቀርብ ተዋናዩ የሚሸከመው ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚሸከመው የሚያጉረመርመው፣ የሚያለቅሰውና የሚጠይቀው ሕዝብ ነው።

የተነሣው ጥያቄም ያ ብቻ አልነበረም። ትርኢቱ እንዳበቃ ሕዝቡ ወዲያው አልተበተነም፤ ክብ ክብ ሠርቶ ይከራከር ነበር። አንድ ተማሪ «ለጣሊያን ምሕረት ከተደረገ በላይ ዘለቀስ?» አለ። ጥያቄው በአገራችን አዲስ አይደለም። በጎጃም አምስቱን ዓመት ሙሉ ሲዋጋ የኖረው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲቀጣ፣ ለጣሊያን ያደሩ አንዳንድ መኳንንት ግን ሕይወታቸው ተርፎ ነበር፤ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ የሚለው የውስጥ ቁስልም ከድሉ በኋላ ለብዙ ዘመን ሳይጠግግ ቆይቷል። የተማሪው ጥያቄ የንግግሩን ክብር የሚቀንስ ነው ያሉ ሰዎች ተቆጥተውት ነበር። እኔ እንደ እነርሱ አላየሁትም። ልጁ የጠየቀው ቃሉን ከልቡ ስላዳመጠና ምሕረት ለወገንም መድረስ ነበረበት ብሎ ስላመነ ነው፤ ንግግሩን ከዚህ አብልጦ ያከበረ ሰው በዚያ ምሽት አላየሁም።

ሌላው ጥያቄ የመጣው ከአንድ የሲዳማ አባት ነበር። እርጋታ ባለው ድምፅ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው፣ «አዲስ ዘመን መጣ የተባለው በ33 ነው፤ እኛ የምናርሰው መሬት የእኛ የሆነው በ67 ነው» አሉ። የተናገሩት እውነት ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ በመካከሉ ባሉት 34 ዓመታት የደቡብ ጭሰኛ ካመረተው ላይ ለባለ ርስቱ እያካፈለ ኖሯል። እኒህ አባት ግን ድሉን አልናቁም። ራስ ደስታ ዳምጠውና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ከነሠራዊታቸው በዚህ በሲዳማ ደጋ፣ በአርቤጎና በኩል፣ ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ እንኳ ለወራት መዋጋታቸውን፣ ሁለቱም በየካቲት 1929 ዓ.ም. መሰዋታቸውን፣ ለዚያ ሠራዊት ስንቅ የሆነው እህልና ከብት ከማን ቤት እንደ ወጣ ለከበቧቸው ወጣቶች ሲያስረዱ ብዙ ቆዩ። በአንድ አፍ ለድሉ መመረቅም፣ ያልደረሳቸውን ፍትሕ መቁጠርም እንደሚቻል እኒህን አባት ሳዳምጥ ተገነዘብሁ፤ ሀዋሳን የመሰለ፣ ራሷ ከድሉ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረችና ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ይህን ንግግር ልታዳምጠው የሚገባትም በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ስለ ትርኢቱ ሲወራ ደጋግሜ የሰማሁት አስተያየት ግን አሳዝኖኛል። የምሕረቱ ክፍል ሕዝቡን ስላቀዘቀዘው በሚቀጥለው ጊዜ ይቆረጥ፣ ትርኢቱም በሰንደቅ ዓላማው መሰቀልና በእልልታው ይጠናቀቅ የሚል ነው። አስተያየቱን የሰጡት ሰዎች በዓሉ እንዲደምቅ ፈልገው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ታሪካዊ ንግግርን ለጭብጨባ ሲሉ መከርከም፣ ሕዝቡ ከባዱን ነገር መስማት አይችልም ብሎ እንደ መፍረድ ነው። ይህን ቀን በመከርከም አንዴ ሞክረነዋል፤ በደርግ ዘመን የድሉ በዓል ከንጉሡ መመለስ እንዲለይ ተብሎ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። ቀኑ ሲዛወር ስለ ንጉሡም፣ ስለ ስደታቸውም፣ ስለ ምሕረቱም ሊደረግ የሚገባው ክርክር አብሮ ተዳፈነ እንጂ መልስ አላገኘም።

ከዚህ ጋር የሚነሣው የጄኔቫው ንግግር ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ ተቀበሏቸው፤ ያ ፉጨት ባይነገር የንግግሩ ክብደት አይታወቅም ነበር፤ ጉባኤውም በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ድምፅ ሰጠ። የሀዋሳው ማጉረምረም ከዚያ ፉጨት ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ይኸኛው ከወገን፣ ከሕመምና ከማሰብ የመጣ ነው። ሆኖም ሁለቱም የንግግሮቹ ታሪክ አካል ናቸው፤ አዘጋጆችም እንደዚያ አድርገው ቢቆጥሯቸው እወዳለሁ።

ስለዚህ በዚህ በዓል ለእነዚያ ወጣቶች የማቀርበው ልመና አለኝ። በመጪው ጊዜ ንግግሩን ሙሉውን አቅርቡት፤ ከአማርኛው ጋር በሲዳምኛም ይሰማ፤ ካበቃ በኋላም ድምፅ ማጉያውን አትዝጉት፣ ለአዛውንቶቹና ለተማሪዎቹ ስጡት፤ ስለ በላይ ዘለቀም፣ ስለ መሬቱም፣ ስለ ራስ ደስታ ሠራዊት ስንቅም በግልጽ ይነገር። እናንተ ወዳጆቼ ደግሞ በቤታችሁ የአርበኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ፣ በተለይ አያቶቻቸው የበቀል ዕድል በእጃቸው እያለ ምን እንዳደረጉ ሲወራ የሰሙትን፣ በዛሬው የበዓል ማዕድ ዙሪያ ጠይቁልኝና ጻፉልኝ። ለመላው የአርበኞች ቤተሰብ፣ እንዲሁም ለሁላችሁም መልካም የድል በዓል ይሁንላችሁ።