ይቺ ቀይ መብራት አስቸገረችን

ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። ወሩ ጃንዋሪ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ጃንዋሪ ማለት ምን እንደሆነ ለኖረበት አይነገርም፣ ያልኖረበት ደግሞ ቢነግሩትም አያምንም። የደወለችው ብሩክሊን ፓርክ የምትኖር አበሻ ደንበኛችን ናት። የመታጠቢያ ቤቷን የወለል ማሞቂያ የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

«ወንድሜ፣ በዚህ ሰዓት ይቅርታ። እማዬን ወለሉ ነዘራት።»

«ምን አደረጋቸው?»

«ነዘራት! ከትናንት ወዲያም እግሬን ቆጠቆጠኝ ብላኝ ነበር፤ የደም ዝውውር ነው ብዬ ተውኩት።» ነርስ ናት፣ ለዚህ ነው ሐሳቧ ወደዚያ የሄደው። «አሁን ለጸሎት ተነስታ ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትይዝ ጮኸች። እኔም በባዶ እግሬ ገብቼ ስሞክረው...»

«አትሞክሪ! በሩን ዝጊው፣ ማንም እንዳይገባ። ስልኩን ሳትዘጊ ምድር ቤት ውረጂና ፓናሉን ክፈቺ። በእኔ እጅ ‹የወለል ማሞቂያ› ተብሎ የተጻፈበት ብሬከር አለ፤ እሱን አጥፊው።»

ደረጃውን ስትወርድ የእግሯ ድምፅ ይሰማኛል። የፓናሉ በር ተንጓጓ። ከዚያ «ቷ» የሚለውን የብሬከሩን ድምፅ ሰማሁ። ትንፋሼ የተመለሰው ያኔ ነው።

እማማን «እንዴት ናቸው?» አልኳት። ደህና ናቸው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስማቸውን ጠርተው ያልጨረሷቸውን መላእክት እየጠሩ ነው አለችኝ።

መንገዱ በረዶ ስለነበር የሃያ ደቂቃው ጉዞ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። መንገድ ላይ የማስበው ግን ስለ እማማ አልነበረም፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል? የማስበው ስለ አንዲት ካርድ ነበር።

ካርዷ ከማሞቂያው ጋር በካርቶኑ ውስጥ የምትመጣ ወፍራም ወረቀት ናት። ሦስት መስመር አላት። የመጀመሪያው ሽቦው ከካርቶኑ እንደወጣ፣ ሁለተኛው ወለሉ ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ ሦስተኛው ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ የሚለካው ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ሣጥን አለ። አንዱ የሽቦው ኦም፣ ማለትም ጅረቱን የመቋቋም ልኩ ነው፣ በተራ መልቲሜትር ይለካል። ሌላው ኢንሱሌሽኑ ነው፤ ማለትም በሚሞቀው ሽቦና ዙሪያውን በሸፈነው የግራውንድ መረብ (ያፈተለከ ጅረት የሚመለስበት የብረት ጥልፍ) መካከል ያለው ልባስ ጤነኛ መሆኑ። ይህኛው በመልቲሜትር አይታወቅም፤ 500 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚለቅ ሜገር የሚባል መለኪያ ያስፈልገዋል።

የእኛው ማሞቂያ ባለ 120 ቮልት ነበር፤ 40 ስኩዌር ፊት ላይ የሚነጠፍ፣ 480 ዋት የሚወስድ። ስሌቱን ለሚወድ፣ 30 ኦም ማለት ነው። ከካርቶኑ ሳወጣው 30.2 አነበብኩ። ሜገሩ ከ500 ሜጋኦም በላይ አለኝ። ከዘረጋሁት በኋላም ያው ነበር። አዘረጋጌ ደግሞ፣ ራሴን ማመስገን ባይሆንብኝ፣ ያማረ ነበር። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር ያለው የሰም ቀለበት እንዳይቀልጥ ራቅ አድርጌዋለሁ። ከካቢኔቱ ሥር አላስገባሁም። መታጠፊያው ላይ የቆረጥኩት ሽቦው የተያያዘበትን ምንጣፍ ብቻ ነው፤ ሽቦው ቢተርፍ እንኳ አይቆረጥም፣ አይደራረብምም። ቀዝቃዛው ገመድ ከሚሞቀው ጋር የሚጋጠምበትን ቋጠሮ ግድግዳ ውስጥ አልሰቀልኩትም፤ ማጣበቂያ ውስጥ እንዲቀበር ወለሉ ላይ አስተኛሁት። ኢንስፔክተሩም ከመሸፈኑ በፊት መጥቶ አይቶ ሄደ።

ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ባለ ባትሪ ማንቂያ ሰካሁበት። ሴራሚክ አንጣፊው ሲሠራ ሽቦው ቢቆረጥ ወይም ከግራውንዱ ጋር ቢነካካ ሰፈር እስኪሰማ ትጮኻለች። አንጣፊው ከኢኳዶር የመጣ፣ እጁ እንደ ሰዓት ሠሪ የረጋ ሰው ነው። አብረን ብዙ ቤት ሠርተናል።

በማግስቱ እሱ መሥራት ከጀመረ በኋላ ማንቂያዋን ነቅዬ ሄድኩ። ሌላ ቤት ሌላ ወለል ይጠብቀኝ ነበር፣ ማንቂያዋ ደግሞ አንድ ናት። «ይሄ ሰውዬ እንኳን ሽቦ ዕንቁላል አይሰብርም» ብዬ።

ሴራሚኩ ተነጥፎ ፉጋው ከተሞላ በኋላ ለሦስተኛው ልኬት ተመለስኩ። ኦሙ 30.1። ደስ አለኝ። ሜገሩን ፈለግኩት፣ የለም፤ ሌላኛው መኪና ውስጥ ቀርቷል። መሽቷል፣ በረዶ መጣል ጀምሯል። ካርዷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሦስተኛው መስመር ላይ «ከ500 በላይ» ብዬ ጻፍኩ። የሁለተኛውን መስመር ቁጥር ገልብጬ ማለት ነው። እስክሪብቶው ሰማያዊ እንደነበር እንኳ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። በማጣበቂያው ከረጢት ላይ እንደተጻፈው 7 ቀን ጠብቄ አበራሁት። እማማ ወለሉን በእግራቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ቢያይ!» አሉና መረቁኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቷ ደወለች። «ይቺ ቀይ መብራት አስቸገረችን።»

ቀይዋ መብራት ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ውስጥ ያለው መከላከያ፣ የጂኤፍሲአይ፣ ናት። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኮዱ፣ ኤንኢሲ አንቀጽ 424፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል ማሞቂያ ያለዚህ መከላከያ እንዳይሠራ ያዛል። በአንዱ ሽቦ የሄደው ጅረት በሌላው ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ፣ ልዩነቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር ሲደርስ ይቆርጣል። ሰው ላይ የሚደርስ መንዘር ሰው ከመጉዳቱ በፊት ማለት ነው።

እኔ ምን አልኳት? «ሪሴት የሚለውን ተጫኚው። አዲስ ሲሆን አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።» ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ደወለች። በተለይ ሻወር ከተወሰደ በኋላ ይጠፋል አለችኝ። ሻወር ከተወሰደ በኋላ! ይህን ሰምቼ ጆሮዬ አልቆመም። «በሚቀጥለው ሳምንት አልፌ አየዋለሁ» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት አልደወለችም። ነገሩ ተስተካክሏል ብዬ እኔም ዝም አልኩ።

የዚያን ዕለት ማለዳ ከነጫማዬ ገብቼ፣ ብሬከሩ መጥፋቱን ራሴ አረጋግጬ፣ የቴርሞስታቱን ክዳን ስከፍት የገጠምኩት ቴርሞስታት የለም። ሌላ ነው። መጀመሪያ የፈራሁት ባለ 240 ቮልት መስመር ሰጥተውት እንዳይሆን ነበር፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፣ 480 ዋቱ 1920 ይገባል። እሱስ አልሆነም። ግን አዲሱ ቴርሞስታት ጂኤፍሲአይ የለውም።

«የባለቤቴ የአክስቱ ልጅ ነው የቀየረልን» አለች። «እጁ ጥሩ ነው። ሃንዲማን ነው። አሮጌው ተበላሽቷል፣ ይሄ አያስቸግርም አለን። እውነትም ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልጠፋም።»

አልጠፋም። ሽቦዎቹን ከሣጥኑ ሳብ ሳደርጋቸው ደግሞ የባሰውን አየሁ። ከወለሉ የሚመጣው የግራውንድ መረብ ወደ ኋላ ታጥፎ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። ብዙ ቴርሞስታቶች የግራውንድ መያዣ ብሎን የላቸውም፤ መረቡ ከቤቱ ግራውንድ ሽቦ ጋር እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው የሚታሰረው። እሱ ቴርሞስታቱ ላይ ማሰሪያ ሲያጣ፣ የማያስፈልግ ሽቦ መሰለው።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን እኔ ነበርኩ። የሸክላው ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከተላጠ ገመድ አንድ ፈትል መዳብ መዝዤ እጠመጥምበታለሁ። ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ሦስት ፈትል አደርገዋለሁ፣ ያኔ የእንጀራ ምጣዱም ምድጃውም አብረው ቢበሩ ንቅንቅ አይልም። «እጁ ወርቅ ነው» ይሉኝ ነበር። የአክስቱ ልጅ እኔው ነኝ፣ ሃያ ዓመት ዘግይቼ።

መልቲሜትሩን ሰካሁ። 30.1 ኦም። ያው ነው፣ ያማረ ነው። ከዚያ ሜገሩን በሽቦውና በመረቡ መካከል አደረግኩ። ሜገር ቁልፉን ተጭነህ ስትይዘው ጤነኛ ገመድ ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ይሮጣል። ይህኛው አልሮጠም። 0.01 ሜጋኦም። ማለትም ወደ 10 ሺህ ኦም ገደማ። 120ን ለ10 ሺህ ስታካፍለው 12 ሚሊአምፔር ነው። ጂኤፍሲአይዋ ትክክል ነበረች፤ በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን ሲናገር የሰነበተው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ «ተጫኚው» አልኩ፣ ልጁ ነቅሎ ጣላት።

ለምን አንዳንዴ ብቻ? ልባሱ ተጭሯል እንጂ ሽቦው አልተቆረጠም። ወለሉ ሲደርቅ ጅረቱ ብዙም አያልፍም፤ እርጥበት በፉጋው ሰርጎ ሲገባ ያልፋል። ሽቦው ስላልተቆረጠ ኦሙ አይለወጥም። መረቡ ከግራውንድ ጋር እስከታሰረ ድረስ ያፈተለከው ጅረት በዚያ ይመለሳል፣ ጂኤፍሲአይም ያየውና ይቆርጣል። መረቡ ሲፈታና ጂኤፍሲአይ ሲነሳ ግን መመለሻ ይጠብቃል። እማማ እርጥብ እግራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው በመዳብ ቧንቧ የመጣውን ብረት ሲይዙ፣ መመለሻው እሳቸው ሆኑ።

ይህንን ለልጅቷ በአማርኛ ሳስረዳት እማማ ከሶፋው ሆነው ይሰሙ ነበር። «ታዲያ ቀዩዋ ጠባቂ ነበረቻ!» አሉ። ልጃቸውን አይተው፣ እኔንም አዩኝ። ማንን የበለጠ እንዳዩ አልነግራችሁም።

በማግስቱ ጉዳቱን የሚፈልግ ባለሙያ መጣ። ከፍ ያለ ቮልቴጅ በትንሽ በትንሹ ወደ ሽቦው እየለቀቀ የተጎዳውን ቦታ የሚያሞቅ መሣሪያ አለው፤ በሙቀት ካሜራ ሲታይ ወለሉ ላይ እንደ ሲጋራ ጫፍ ያለ ነጥብ ብቅ ይላል። ብቅ አለች፤ ከበሩ ደፍ አንድ ክንድ ገባ ብሎ። አንድ ሴራሚክ ብቻ አነሳን። አንጣፊው ራሱ ነው መጥቶ ያነሳው፣ ማጣበቂያውንም በመሮና በጣቱ ጥፍር ጠርጎ ሽቦውን አወጣው። የሽቦው ልባስ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጭረት አለች። ሥሯ ጠቁሯል። ማጣበቂያ የሚያበጥርበት ጥርሳም ብረት ጥግ ልክ ገጠመባት።

ለረጅም ጊዜ አላወራም። ከዚያ በሁለታችንም በማይሆን እንግሊዝኛ «ያን ቀን እጄን ያዝ አድርጎኝ ነበር» አለኝ። «አየሁት፣ አልተቆረጠም፣ አለስልሼ አለፍኩ። ያቺ የምትጮኸው ነገርህ ዝም ስላለች ደህና ነው አልኩ። በኋላ ቀና ስል ለካ የለችም።»

መልስ አልነበረኝም። የማጣበቂያውን አቧራ ከሱሪዬ አራገፍኩ።

ጥገናው ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የተጎዳውን ቆርጦ በአምራቹ የጥገና ኪት መቀጠል፣ የግራውንዱን መረብ ጭምር ማገናኘት፣ በሚኮማተር ላስቲክ ማሸግ፣ እንደገና መለካት፣ መሸፈን፣ እንደገና መለካት። ማንቂያዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጫፉ ላይ ነበረች። አሁን ሦስት ገዝተናል፤ ወለል ተሸፍኖ እስኪያልቅ ማንም አይነቅላትም። ልኬት ስወስድ ደግሞ የሜገሩን መስኮት ከካርዷ ጎን አድርጌ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ሰው አላምን ብሎ ሳይሆን ራሴን ስለማውቀው።

አለቃዬ አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ካርዷን ከፋይሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችውን «ከ500 በላይ» በጣቱ ሁለቴ ነካ ነካ አደረጋት። «ይህን ስትጽፍ ሜገሩ የት ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ወጪውን ኩባንያው ቻለ፣ እኔ ደግሞ ለስድስት ወር የምለካው ሁሉ ሁለተኛ ሰው ካልፈረመበት እንዳይቆጠር ሆነ። ጆርኒማን፣ ማለትም ልምምዱን የጨረሰ ባለሙያ፣ ሆኖ እንደ ተለማማጅ መፈረም ፊትን ያቀላል፤ አቅልቶኛል።

በፋሲካ ሰሞን ቤታቸው ሄጄ ነበር፣ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት። አረንጓዴዋ መብራት ቴርሞስታቱ ላይ በርታለች። አዲሷ ካርድ በፓናሉ በር ውስጠኛ በኩል ተለጥፋለች፣ የሁለት ሰው ፊርማ አለባት። ልጅቷ በየወሩ አንድ ቀን የጂኤፍሲአይዋን መፈተሻ ቁልፍ ትጫናለች፤ ማሞቂያው ሲጠፋ አይታ መልሳ ታበራዋለች።

ወለሉ ለብ ብሏል። እጄን አስነክቼ ለእማማ «አሁን በባዶ እግርዎ ይግቡ፣ ምንም የለውም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፣ አምኜሃለሁ» አሉኝና፣ በር ሥር ያስቀመጧትን ወፍራም የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርገው ገቡ።