የቁልቢ ስለትና የልብስ ሰፊ ቀጠሮ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ድሬ ላላችሁም፣ ርቃችሁ የድሬን ሙቀት ለምትናፍቁም። ለሙስሊም ጎረቤቶቼም ጭምር ነው፤ ዳቦውና ቡናው እናንተም ቤት መድረሱ አይቀርም። (ሥጋው ለየብቻ ነው፣ ደንቡን እናውቃለን።)

ለድሬ ሰው የገና ሰሞን የሚጀምረው በቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል፣ ወዲያው ገና ይከተላል። በመካከሉ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ቁልቢ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መኪና ብዛቱ አይጣል ነው። በእግሩ የሚሄደውም ብዙ ነው። አንዱ ጃንጥላ ይዟል፣ አንዷ ጧፍና መጋረጃ፣ ሌላው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። በስለት የተወለደ ሕፃን ታቅፈው ለክርስትና የሚመጡም አሉ። ጋቢ ሳይዝ የሄደ ድሬያዊ ደግሞ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የስለት ሥራ ነው ይባላል፤ ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ከድሉ በኋላ አሠሩት ይላሉ አባቶች።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የስለት አከፋፈሉ ነው። ደረሰኝ የለው፣ ውል የለው፣ ቅጣት የለው። ተሳዩ የተናገረውን ከራሱ በቀር ማንም አልሰማም። ግን ስንት ዓመት ቆይቶም ቢሆን፣ ከአሜሪካም ቢሆን ይመጣል። ያቺን ያላትን ያስገባል። ያው ሰውዬ ሰኞ ዕለት ደንበኛ ሲደውልለት አልጋው ላይ ተጋድሞ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» ይላል።

በእኔ ሙያ ደግሞ ይሄ ነገር ይብሳል። ልብስ እሰፋለሁ። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ አገር የሳቀበት ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ መብራት ሄዶ፣ ሸማኔው ጥበቡን ሳያደርስልኝ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ የሙያ ምስጢር ነው። በበዓል ሰሞን ቀብድ ይዞ የመጣ ደንበኛ እምቢ አይባልም። ስለዚህ ሰፊው መጀመሪያ የሚያደርገው ጨርቁን መቁረጥ ነው። ሊሰፋው አይደለም። የተቆረጠ ጨርቅ ይዞ ሌላ ሰፊ ጋ የሚሄድ ደንበኛ ስለሌለ ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የእሱ ነው፤ ይመላለሳል፣ ይለማመጣል፣ ይቆጣል፣ መሄጃ ግን የለውም። ብዙውን ጊዜ ተንኮል አይደለም። እምቢ ማለት መፍራት ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ይህን አያደርጉም ነበር። መጋላ ነበር ሱቃቸው። ሙስሊም ናቸው፣ ግን ከእኛ በዓል በፊት የእሳቸውም ሱቅ አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። የሚቆጥሩት የመጣውን ሰው ሳይሆን የሠራተኛውን እጅ ነው። እጁ ከሞላ በቃ። የተረፈውን ደንበኛ ጎረቤት ሰፊ ጋ ይልኩታል። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ብሩ ሲሄድ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት ሲመልሱ አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ለልጇ ቃል ገብታለች» አሉኝ። «የእሷ ቃል በእኔ እጅ አይፈርስም።»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። እኔ ቀሚስ የምሸጥ መስሎኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሌላ ሰው ለሌላ ሰው የገባው ቃል አለበት። አባት ለልጁ፣ ሙሽራው ለሙሽሪት፣ ልጅ ለእናቷ።

አሁን እኔም ሱቄ በር ላይ ትዕዛዝ የምዘጋበትን ቀን እጽፋለሁ። ኩራት የመሰላቸው አሉ። ተቀይመው የቀሩ፣ እስካሁንም ያልተመለሱ አሉ። «ታማኝ ሁን፣ ትከብራለህ» የሚሉ አነቃቂ ንግግሮችን ስሰማ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ታማኝ ሆኖ የከሰረ ነጋዴ እዚሁ ቀፊራ ገበያ አውቃለሁ። በመዋሸት የከበረም አውቃለሁ። እግዚአብሔርን እንደ ሸሪክ ቆጥሮ «ይህን አሳካልኝ፣ ይህን አመጣለሁ» ማለት ይቅር አልልም፤ እናቶቻችን በዚህ ኖረዋል። ግን ሒሳቡ ሁልጊዜ በብር አይመጣም።

ከዚህ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። አንድ የማውቀው ነጋዴ ቁልቢ ላይ ትልቅ ስለት አስገባ። እሰየው። በዚያው ወር የሠራተኞቹ ደሞዝ አልተከፈለም ነበር። መልአኩን ጃንጥላ ቸግሮት አያውቅም። የሠራተኛዋ ልጅ የቤት ኪራይ ግን ቀኑ ደርሷል። መጽሐፉም የሚለው ግልጽ ነው፤ የምንደኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል ዘዳግም። ቀፊራ ከነጋ ጀምሮ ጆንያ ሲሸከም ለዋለ ሰው ይህ ጥቅስ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቃል መጠበቅ አቅቶን ነው እንዳልል እቁቡን አያለሁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከበላ በኋላ እንኳ እስከ መጨረሻው ሳምንት ይጥላል። ግብር ሲባል የሚያመው ነጋዴ እቁብ ሲባል ተበድሮም ይከፍላል። ዋስ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ይሉኝታ አለ። መልአኩን እንፈራለን፣ እቁቡን እናፍራለን። የሚያስፈራም የሚያሳፍርም አቅም የሌላቸው ይቀራሉ፤ ተለማማጇ ልጅ፣ ተሸካሚው፣ አዲስ ልብስ የምትጠብቀው ሕፃን። የእኔ መንፈሳዊነት፣ ካለኝ ማለቴ ነው፣ የሚፈተነው እነሱ ዘንድ ይመስለኛል። ቁልቢ መሄድማ ደስ ይላል፣ ሰዉ ዝማሬውን ስንቅ አድርጎ ነው የሚመለሰው።

በሉ፣ በዓል ነው፣ ብዙ አላስረዝም። የታመማችሁ ምሕረቱን ያውርድላችሁ። ሥራ የጀመራችሁ ልጆች፣ አይዟችሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ከባድ ነው። ከጾም የወጣችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ፈጢራችሁን በእንቁላል አስደርጋችሁ ብሉልኝ።

ስለ ሥራ፦ የጥምቀት ትዕዛዝ ሞልቷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያላችሁ፣ «ለእኔ ብቻ» እያላችሁ አትደውሉልኝ፣ አቦ። ጎረቤቴ ሰፊ ጋ ግን ቦታ አለ። ጎበዝ ነው፣ ዋጋውም ከእኔ ይቀንሳል። ጠይቁኝና ሱቁን አሳያችኋለሁ።

መልካም ገና!