ቦርሳ ያዡ ልጅ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዷል፤ ምክንያቱን እንጃ። ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተጯጯሁ በአጠገቤ አለፉ። አንዱ ቦርሳውን ከትከሻው አውልቆ ለጓደኛው «ያዝልኝ» አለው። የጫማውን ክር ሊያስር ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

የቅዳሜዎቹን ልጆች፣ ከኳስ በኋላ ከድብድብና ሴት ልጅን ከማጥቃት መራቅን የምናለማምዳቸውን ወንዶች፣ የምታውቁ ለምን እንደደነገጥኩ ይገባችኋል። ከትምህርት ቤት መልስ የሚነሳ ድብድብ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መፋጠጥ ነው፣ ከዚያ ስድብ። ስድቡ እናት ላይ ሲደርስ መገፋፋት ይጀመራል። ቀጥሎ ቦርሳ ይወልቃል። ቦርሳው ትከሻ ላይ እስካለ ድረስ «ቤት ይጠብቁኛል» ብሎ መሄድ ይቻላል። ሰው እጅ ከገባ ግን ለተሰበሰበው ሁሉ «ልደባደብ ነው» ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ ፈሪ ያሰኛል። ሁለቱ በዚያ ሰዓት ምክር አይሰሙም። ጆሯቸው ግሏል፣ መንጋጋቸው ጠብቋል፣ ልባቸው እስኪረጋ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ማሰብ የሚችለው ቦርሳ ያዡ ነው። ስለዚህ ሥራችንን መጀመር ያለብን ከእሱ ነው።

የሚማረው ብዙ አይደለም። ቦርሳውን አይቀበልም። ድምፁን ሳያነሣ፣ ሌላውን ልጅ ሳያይ «አልይዝም፣ ና እንሂድ» ይላል። የሚቆመው በጎን፣ ጓደኛው በሚያየው ቦታ ነው፤ ከኋላ መጥቶ ክንድ የሚይዝ ክርን ይቀምሳል፣ መሃል የሚገባም የሁለቱንም ቡጢ። የሚጎትተው የቦርሳውን ማንገቻ ነው እንጂ ልጁን አይደለም። መሄጃ ምክንያትም ያቀብለዋል፦ ታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፣ ጨዋታው ሊጀምር ነው፣ እናትህ ትቆጣለች። ምክንያቱ ትልቅ መሆን የለበትም። ልጁ ሳያፍር የሚወጣባት ቀዳዳ ካገኘ ይበቃል።

ልምምዱ ላይ ሁለት ልጆች ይጣላሉ፣ አንዱ ቦርሳ ይይዛል፣ የቀሩት ክብ ሠርተው ያጋግላሉ። 2 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። በቀላሉ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በእውነት የተኳረፉ ልጆች ከተጣመሩ ልምምዱ ድብድብ ይሆናል። ጉልበተኛው ሁልጊዜ ጉልበተኛ ሆኖ ከተጫወተ ያንኑ ጉልበቱን ነው የሚለማመደው፤ እሱን ቦርሳ ያዥ ማድረግ ይሻላል። መነካካት የለም፣ በመካከላቸው የአንድ ክንድ ርቀት ይኖራል፣ «በቃ» ሲባል ሁሉም ባለበት ይቆማል። እናት መስደብ ለልምምድም ቢሆን አይፈቀድም። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠየቁት ተጣዮቹ ሳይሆኑ ክቡ ነው፦ «ስትጮሁ ምን እንዲሆን ፈልጋችሁ ነበር?» ዝም ይላሉ። አብዛኛው የሚጮኸው ጎኑ ያለው ስለጮኸ ነው፤ ይህን ከራሱ አፍ ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል።

ጊዜው ከኳስ በኋላ 15 ደቂቃ ነው፣ በሳምንት አንዴ፣ ቀኑም ሰዓቱም ሳይቀየር። ከ10 እስከ 12 ልጅ፣ የዕድሜ ልዩነታቸው ከ2 ዓመት ያልበለጠ። የ12 ዓመት ልጅ ከ17 ዓመት ልጅ ጋር ሲቀመጥ አፉን አይከፍትም። አሠልጣኙም አብሯቸው መሬት ላይ ይቀመጥ። 300 ልጅ አዳራሽ ሰብስቦ በማይክሮፎን ስለ ጾታዊ ጥቃት መናገር ከኋላ ረድፍ ሳቅ ነው የሚያተርፈው፤ ልጆቹ ባልሠሩት ነገር የተከሰሱ ይመስላቸዋል።

ክቡ ላይ ሙጭጭ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚሁ አዲስ አበባ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ 3 አካባቢዎች ከወጣት ወንዶች ጋር የተሠራ ጥናት አለ። በአንዱ የቡድን ውይይትና የሰፈር ቅስቀሳ ተጣምረው ተሰጡ፣ በሌላው ቅስቀሳው ብቻ፣ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ቆየ። ባለፉት 6 ወራት የፍቅር ጓደኛቸው ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን የተናገሩት በመጀመሪያው ከ53 ወደ 38 በመቶ ወረዱ፣ ቅስቀሳ ብቻ በተደረገበት ደግሞ ከ60 ወደ 37 በመቶ። በሦስተኛው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ወጣቶቹ ራሳቸው የተናገሩት ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ ነው የማየው። ቢሆንም የሰፈሩ ወሬ ሲቀየር ውይይት ላይ ያልተቀመጠውም ልጅ አብሮ መቀየሩን ማለፍ አልችልም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ክብ አለ። «ተመትተህ እንዳትመጣ፣ ከመጣህ እኔ እደግምሃለሁ» ያልተባለበት ግቢ ጥቂት ነው። ይህን የሚሉ ወላጆች ክፉ አይደሉም፤ ልጃቸው የሰው መጫወቻ እንዳይሆን ፈርተው ነው። እናቶችም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከተዘረዘሩት 5 ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ስለዚህ ቤት መሄድ የግድ ነው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ያለ ወረቀት። ወላጅን «ልክ አይደለህም» ማለት በር ያዘጋል። የሚሠራው ምትክ ንግግር ማቀበል ነው፦ «ተመትተህ ከመጣህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም።» አባት ይህን አንዴ ከልቡ ካለ የእኛ ሥራ ግማሹ ተቃለለ።

ለከፋም ያው የክቡ ሥራ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሴት ልጅን የሚለክፍ ልጅ ዐይኑ ጓደኞቹ ላይ ነው፤ የሚፈልገው የእነሱን ሳቅ ነው። አንዱ ሳይስቅ «ተዋት፣ እንሂድ» ብሎ መንገድ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልሲውን ራሱ የሚያጥብ፣ የበላበትን ሳህን የሚያነሣ ልጅ ደግሞ ለእህቱ ያለው አነጋገር ሲለወጥ በዐይን ይታያል። ስለ እሱ ሌላ ቀን።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ከተዛወረ ወዲህ ክቡም ተበተነ። ከተዛወሩት ልጆቻችን አንዱ፣ አቡሽ፣ «አልይዝም» ማለትን የተማረው ከሚያውቃቸው ልጆች ጋር ነው፤ አዲሱ ሰፈር ማንም ያንን ቋንቋ አያውቅም፣ አዲስ መጪ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈተነው በጡጫ ነው። በየቅዳሜው የታክሲ ሒሳብ ከፍለን ወደ መሃል ከተማ እናምጣቸው? ወይስ እኛ እንሂድ? ብንሄድስ የምንጀምረው ከአቡሽ ነው ወይስ ዙሪያውን ከሚቆሙት፣ ስማቸውን እንኳ ከማናውቃቸው ልጆች?