ከ«ሀ» እየጀመረ የሚቆጥረው ልጅ

ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር የገጠመኝ አንድ ልጅ ነበር። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወርደዋል፤ አንዲት አይስትም። አንድ ቀን «ሙ» ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይቺ ማን ናት?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ሀ» ጀመረ። ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ፣ ሐ ሑ ሒ፣ መ ሙ። «ሙ!» አለ። ፊቱ በራ።

እኔ ግን ደነገጥኩ። ልጁ የያዘው ዜማውን ነው። ዜማውን ያስያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዱላ እየጠቆምኩ 58 ልጆች በአንድ ድምፅ እያስጮህኩ።

አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ነገሩን ሳጫውተው «የኔታ እኮ ይህን ያውቁታል። አቡጊዳ ለምን ይመስልሻል?» አለኝ። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ይቀጥላል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ የለመዱትን ቅደም ተከተል ይበታትነዋል። በቃሉ የሸመደደ እዚያ ጋ ይያዛል። አስተማሪነት ተምሬ የወጣሁት እኔ ይህን ከአባቴ ሰማሁት።

በማግስቱ ልጆቹን ቆርኪ ልቀሙ አልኳቸው። ከየግሮሰሪው ደጅ በፌስታል ሞልተው አመጡ። በየቆርኪው ውስጥ አንድ አንድ ፊደል ጽፈን ለጠፍን። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ፤ ሁሉን ባንዴ አላወጣሁም። በለ፣ በመ፣ በበ፣ በሰ እና በተ ቤተሰቦች ጀመርኩ፤ በእነሱ ብቻ «ቤት»፣ «ሎሚ»፣ «በላ»፣ «ሰማ» ማለት ይቻላል። ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ሎሚ በላ» ብሎ ካነበበ ሌላ ሰው ይሆናል። «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» እንዲለዩ «ጭረቷ ወገቡ ላይ ናት እግሩ ላይ?» እያልን እንጫወታለን። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው ቤት) ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የላቸውም፤ ደጋግሞ ከማየት ሌላ መላ አላገኘሁም።

ፊደሉ ሲለይ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። አንዲት ልጅ «አውቶቡሱ ገና አልመጣም» የሚለውን ስታነብ «ገና»ን እንደ በዓሉ አጠበቀችው። ወዲያው አቋርጬ አረምኳት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም። እስከዛሬ ይቆጨኛል። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ «ዋና» እና «አለ» ሁለት ሁለት ንባብ አላቸው። አንባቢው የሚለየው ከትርጉሙ ነው። ስለዚህ አሁን ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርሱ እጠብቅና «እና አውቶቡሱ ምን ሆነ?» እላለሁ። አብዛኞቹ ራሳቸው ተመልሰው ያስተካክላሉ።

ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጥሩ ጥሩ የተረት መጻሕፍት ነበሩ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ከጠፉ ተጠያቂ አለ፣ ስለዚህ ማንም አይነካቸውም። 40 መጻሕፍት በስሜ ፈርሜ ወሰድኩ። በየቀኑ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች እኔ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋለሁ። «ቲቸር በናትሽ!» ይላሉ። ቀጣዩን ማወቅ የፈለገ ማታ ተውሶ ይሄዳል።

መጀመሪያ ላይ ሰልፍ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ያነበበ ሁሉ አጭር ማጠቃለያ ጽፎ ያምጣ አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰልፉ ጠፋ። የቤት ሥራ አድርጌባቸው ነበር። ማጠቃለያውን ተውኩት፤ ሲመልሱ «የትኛው ቦታ ደስ አለህ?» ብቻ እላለሁ። መልስ የማይሰጥ ልጅም አለ፤ ዝም ብዬ ሌላ መጽሐፍ እሰጠዋለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ 4 መጻሕፍት ጠፉ። ከደመወዜ ከፈልኩ። ቅር አላለኝም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ለእኔ ሁሉም እንደጠፉ ነበሩ።

ከ«ሀ» ይቆጥር የነበረው ልጅ እናት ጉሊት ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። ግንቦት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች። መጽሐፍ ጠፋ ልትለኝ ነው ብዬ ነበር።

«መምህርት፣ ማታ ማታ ያነብልኛል» አለች። «ትናንት ግን መሀል ላይ እንቅልፍ ጣለው። ጅቡ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ዛሬ መጽሐፉን መልስ ተብሏል አሉ፤ አንድ ቀን ብታቆዪልን?»

መዝገቡን ከፍቼ ቀኑን አራዘምኩት።