ቀበቶው፣ መቀነቱና ወገባችን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በከፈትኋት ትንሽ ሱቅ በቀን ስንት ጊዜ እንደማጎነብስ ቆጥሬ አላውቅም። 25 ኪሎ የዱቄት ከረጢት፣ የለስላሳ ሣጥን፣ ከከፊራ ገበያ በባጃጅ የሚመጣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይነሣል፣ ይወርዳል። አምና ወገቤን ሲያመኝ መላ ብዬ የያዝሁት ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ነበር፤ በዚህ ሙቀት ላቡ እያሳከከኝ እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ አልፈታውም ነበር። ደግፎ የያዘኝ መስሎኝ በፊት የማልደፍረውን ክብደት መድፈር ጀመርሁ፤ አንድ ቀን ከረጢት እንደ ተሸከምሁ ወደ ጎን ስዞር ወገቤ ቆልፎ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስለ ቀበቶው ከመጠየቋ በፊት ስንት ልጅ እንደ ወለድሁና ዕቃ ሳነሣ ትንፋሼን ምን እንደማደርገው ጠየቀችኝ። የጥያቄዋ ትርጉም የገባኝ በኋላ ነው።

ባዶና ክዳኑ የተከፈተ ጀሪካን ቢቀመጡበት ይጨማደዳል፤ ሞልቶ የተከደነው ግን ሰው ይችላል። ሆዳችንም እንዲሁ ነው። ክዳኑ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው፤ ግድግዳው ሆድን ዙሪያውን የሚያቅፈው ጥልቅ ጡንቻና ከአከርካሪ ጋር የተያያዙት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ ወለሉ ደግሞ ማህፀንንና ፊኛን ከሥር የሚደግፉት የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ተባብረው ሲጠብቁ በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት አከርካሪውን ያጸናዋል። ቀበቶ የሚያግዘው ግድግዳውን ብቻ ነው። ክብደት አንሺ ስፖርተኞችም የሚታጠቁት ለከባዱ ሙከራ ነው፤ አየር ስበው የጠነከረ ሆዳቸውን ይገፉበታል፣ ሲጨርሱም ያላሉታል። ቀኑን ሙሉ ታጥቆ መዋል ሌላ ነገር ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ከ9,000 በላይ የመደብር ሠራተኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ቀበቶ አዘውትረው የሚታጠቁት ከማይታጠቁት ያነሰ የወገብ ሕመም አልገጠማቸውም። ይኸው ተቋም የሚመከረውን የሸክም ልክ ሲያሰላ መነሻ ያደረገው 23 ኪሎ ነው፤ ያውም ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ በወገብ ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ሳይዞሩ ሲያነሡት። ሙሉ ጀሪካን ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል፤ ከመሬት በአንድ እጅ ሲነሣ ደግሞ ልኩ በጣም ዝቅ ይላል። እኛ ግማሽ ኩንታል እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን።

ለሴት ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ወለሉ ነው። እርግዝናና ወሊድ የዳሌን ጡንቻ ያላላሉ፤ በዚያ ላይ ከላይ በቀበቶ አጥብቀን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ከባድ ዕቃ ስናነሣ ግፊቱ መውጫ የሚያገኘው ወደ ታች ነው። ዘወትር ከባድ ሸክም መሸከም ለማህፀን መውረድ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው፤ ሴቶች ደግሞ ይህን በሽታ አፍረው ለዓመታት ይደብቁታል። እናቶቻችን አራስን ሆዷን በመቀነት ማሰራቸውን አልነቅፍም፤ ለስለስ ያለ እስራት ያሳርፋል። ትንፋሽ እስኪያጥር መጠፈሩን ግን እቃወማለሁ፤ አራስ ታስራ ወደ ሸክም መመለሷንማ ጨርሶ አልቀበለውም።

የታዘዘልኝ እንቅስቃሴ ቀላል ይመስል ነበር፦ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት፣ በጎን ተኝቶ በክርን ተደግፎ ዳሌን ማንሣት፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የዳሌን ጡንቻ መሳብና ማላላት። መጀመሪያ ዐሥር ሰከንድ አልቻልሁም። ከሦስት ወር በኋላ ዱቄቱን ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እየተነፈስሁ ማንሣት ቻልሁ። የሴት እግር ጥንካሬ ከወንድ ጋር ያለው ልዩነት ከክንዷ ያነሰ ስለ ሆነ ሸክሙን ለእግር መስጠት ይበልጥ ለእኛ ይሆናል። ከረጢቶቹንም ከመሬት ወደ ጠረጴዛ አሳድጌያቸዋለሁ።

ሱቁን የምታግዘኝ ልጅ ሰሞኑን ከአራስ ቤት ወጥታ ተመለሰች፤ በር ላይ የተሰቀለውን ቀበቶ አይታ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም፤ እንቅስቃሴዎቹን ግን አንድ በአንድ እያሳየኋት ነው። ለጊዜው ዱቄቱን የማነሣው እኔ ነኝ።